ዘ ቦይስ ኢን ዘ ባንድ (ፊልም)

«ዘ ቦይስ ኢን ዘ ባንድ» («የባንዱ ልጆች» እንደ ማለት) በ1970 የወጣ የአሜሪካ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሪድኪን ሲሆን፣ የፊልም ጽሑፉን የጻፈውና ፕሮዲዩሰር የሆነው ማርት ክራውሊ ነው። ፊልሙ የተወሰደው ክራውሊ ራሱ ከደረሰውና በ1968 በኒው ዮርክ ከተማ ለመድረክ ከበቃው፣ ተመሳሳይ ርእስ ካለው ተውኔት ነው። ታሪኩ በአንድ ምሽት በአንድ አፓርታማ ውስጥ ተጀምሮ ያልቃል፤ የአንዱን ልደት ለማክበር የተሰበሰቡ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆኑ ወንድ ጓደኛሞችን ይመለከታል።

ከዋና ዋና ገጸ ባሕርያቱ አብዛኞቹ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ከሆኑባቸውና በየሲኒማ ቤቱ በሰፊው ከታዩት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ፊልሞች አንዱ በመሆኑ በሲኒማ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ስፍራ አለው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፊልሞች እንዲህ ያለ ሰው ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነበር። በዚህ ፊልም ግን ጓደኞች አሉት፤ ይቀልዳል፣ ይጨፍራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ፊልሙን እስከ ዛሬ የሚያከራክረውም ይኸው ነው፤ ጓደኛሞቹ እርስ በርሳቸው የሚያሳዩት ፍቅርና የሚያደርሱት ጉዳት ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ይመስላል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜው

ርእሱ የተወሰደው በ1954 ከወጣው «ኤ ስታር ኢዝ ቦርን» ከተባለው ሙዚቃዊ ፊልም ነው። በዚያ ፊልም ጀምስ ሜሰን፣ ጁዲ ጋርላንድ ለምትጫወታት ፈሪ ዘፋኝ፣ ለራሷና ለባንዱ ልጆች ብቻ እንደምትዘፍን አድርጋ እንድታስብ ይመክራታል። ሐረጉ እንግዳ ሰው በሌለበት፣ የሚተዋወቁ ብቻ በተሰበሰቡበት ቦታ ያለውን ነጻነት ያስታውሳል። ጁዲ ጋርላንድ በዘመኑ በብዙ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ዘንድ እጅግ የምትወደድ ዘፋኝ ስለነበረች ርእሱ ለሚያውቁት ሰዎች የውስጥ ምልክትም ነበር።

የዘመኑ ሁኔታ

ተውኔቱ በተጻፈበት ጊዜ፣ በሁለት ወንዶች መካከል የሚደረግ የፆታ ግንኙነት ከኢሊኖይ በስተቀር በሁሉም የአሜሪካ ክፍላተ አገር ወንጀል ነበር። ኢሊኖይ ሕጉን የሻረው በ1961 ሲሆን፣ ታሪኩ በሚፈጸምበት በኒው ዮርክ ሕጉ በፍርድ ቤት የወደቀው በ1980 ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እነዚህን ሕጎች የሻራቸው በ2003 ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም ተመሳሳይ ፆታን ማፍቀር ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር ያወጣው በታኅሣሥ 1973 ነው። ስለዚህ የፊልሙ ገጸ ባሕርያት በሕግ ፊት ወንጀለኞች፣ በሐኪም ፊት ደግሞ ሕመምተኞች ሆነው የሚኖሩ ነበሩ።

በኒው ዮርክ የመጠጥ ቤቶች ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት፣ እንዲህ ያሉ ደንበኞችን የሚያስተናግዱ ቤቶችን «ሥርዓት አልባ» ብሎ ፈቃዳቸውን ሊነጥቅ ይችል ነበር። በሚያዝያ 1966 የማታሺን ማኅበር አባላት በግሪንዊች መንደር በሚገኘው «ጁሊየስ» ቡና ቤት ማንነታቸውን ተናግረው መጠጥ በማዘዝ ይህንን አሠራር ተቃወሙ። ፍሪድኪን በኋላ የፊልሙን አንዳንድ ትዕይንቶች የቀረጸው በዚሁ ቤት ነው። የሚገናኙበት አደባባይ ለሌላቸው ሰዎች የጓደኛ ሳሎን ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ፊልሙም የራሱ እገዳ ነበረበት። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት የነበረው የሆሊውድ የምርት ደንብ ጉዳዩን በስሙ መጥራት ቀርቶ በጥቆማ ማሳየትን እንኳ ይከለክል ነበር። ደንቡ በ1961 በመጠኑ ላላ፤ በኅዳር 1968 ደግሞ ፊልሞችን በተመልካች ዕድሜ የሚመድብ አሠራር ተተካ። «ዘ ቦይስ ኢን ዘ ባንድ» የተሠራው ይህ በር በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት ነው።

የተውኔቱ አጀማመር

ማርት ክራውሊ በ1935 በሚሲሲፒ ክፍለ አገር በቪክስበርግ ከተማ ተወለደ። በዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ በ1961 በወጣው «ስፕሌንደር ኢን ዘ ግራስ» ፊልም ሥራ ላይ ከተዋናይቷ ናታሊ ዉድ ጋር ተዋወቀ፤ እርሷም ረዳቷ አድርጋ ቀጠረችው። ይህም የመጻፊያ ጊዜ አስገኘለት። የሚጽፋቸው የፊልም ጽሑፎች ግን አልተሳኩለትም፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሥራና ገንዘብ አጥቶ ነበር።

በጥር 1966 የቲያትር ሐያሲው ስታንሊ ካውፍማን በ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ጋዜጣ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በዚህ ጽሑፍ፣ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆኑ ጸሐፌ ተውኔቶች የራሳቸውን ሕይወት በባልና ሚስት ታሪክ ሸፍነው እንደሚያቀርቡ፣ ይህንንም የሚያደርጉት በግልጽ እንዲጽፉ ስለማይፈቀድላቸው እንደሆነ አተተ። ክራውሊ ይህን ሐሳብ እንደ ጥሪ ተቀበለው። በቤቨርሊ ሂልስ የአንዲት ተዋናይ ቤት እየጠበቀ ሳለ ስለ ራሱና ስለሚያውቃቸው ሰዎች ያለ ሽፋን መጻፍ ጀመረ።

ጽሑፉን መድረክ ላይ ለማውጣት ፈቃደኛ የሆነው ሪቻርድ ባር ነበር። ተዋናይ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፤ ብዙዎች እንዲህ ያለ ሚና መጫወት የሙያ ሕይወታቸውን ያበላሻል ብለው ፈሩ። ቢሆንም በጥር 1968 በሙከራ መልክ ለጥቂት ቀናት ከታየ በኋላ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1968 በሮበርት ሙር አዘጋጅነት በ«ቲያትር ፎር» ተከፈተ። ይህ ቤት ከብሮድዌይ ውጭ ከሚባሉት አነስተኛ ቲያትር ቤቶች አንዱ ነበር። ተውኔቱ ከ1,000 ጊዜ በላይ ታየ። በየካቲት 1969 ደግሞ በለንደን በ«ዊንድሃምስ» ቲያትር ቀረበ።

ከመድረክ ወደ ፊልም

የፊልም ኩባንያዎች ታሪኩን ለመግዛት ሲጠይቁ፣ ክራውሊ የመድረኩ ተዋንያን እንዲቀጥሉ አጥብቆ ያዘ። በዚህም መሠረት ዘጠኙም ተዋንያን በፊልሙ ውስጥ የየራሳቸውን ሚና ተጫወቱ። ፊልሙን የሠራው «ሲኒማ ሴንተር ፊልምስ» ነው። ዳይሬክተሩ ፍሪድኪን በዚያን ጊዜ ገና ብዙ ያልታወቀ ሲሆን፣ ቀጥሎ በሠራቸው «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» (1971) እና «ዚ ኤክሶርሲስት» (1973) ስሙ ገነነ።

የማይክል አፓርታማ የተዋናይቷ ታሚ ግራይምስን ቤት በመምሰል በስቱዲዮ ውስጥ ተገነባ፤ የሰገነቱ ትዕይንቶች ግን አብዛኞቹ በራሷ ቤት ተቀረጹ። ፍሪድኪን በመክፈቻው ገጸ ባሕርያቱን አንድ በአንድ በከተማው ውስጥ፣ በሥራቸውና በመንገዳቸው ላይ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ካሜራው ወደ ቤቱ ገብቶ እስከ መጨረሻው አይወጣም ለማለት ይቻላል። ምሽቱ በሰገነቱ ላይ በሳቅና በጭፈራ ይጀምራል፤ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ጨዋታውም ወደ ምርመራ ይለወጣል።

ተዋንያንና ገጸ ባሕርያት

ኬኔት ኔልሰን፦ ማይክል፣ የቤቱ ባለቤትና የግብዣው አዘጋጅ። ካቶሊክ ነው፤ መጠጥ ካቆመ ጥቂት ሳምንታት ሆኖታል።

ፍሬድሪክ ኮምብስ፦ ዶናልድ፣ ከከተማው ርቆ የሚኖርና የሥነ ልቡና ሕክምና የሚከታተል የማይክል የቅርብ ጓደኛ።

ሌናርድ ፍሬይ፦ ሃሮልድ፣ ልደቱ የሚከበርለት። 32 ዓመት የሞላው አይሁዳዊ ሲሆን፣ መልኩና እርጅናው ያሳስቡታል።

ክሊፍ ጎርማን፦ ኤመሪ፣ የቤት ውስጥ ማስጌጥ ባለሙያ። ማንነቱን ከማንም የማይደብቅ ቀልደኛ።

ሎረንስ ለኪንቢል፦ ሃንክ፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ትቶ ከላሪ ጋር የሚኖር መምህር።

ኪት ፕሬንቲስ፦ ላሪ፣ የሃንክ ጓደኛ። ለአንድ ሰው ብቻ መታመን የማይሆንለት።

ሩበን ግሪን፦ በርናርድ፣ ከጓደኛሞቹ መካከል ብቸኛው ጥቁር አሜሪካዊ።

ፒተር ዋይት፦ አለን፣ የማይክል የዩኒቨርሲቲ ዘመን ጓደኛ። ባለትዳር ነው።

ሮበርት ላ ቱርኖ፦ ካውቦይ፣ ኤመሪ ለሃሮልድ የልደት ስጦታ ብሎ በገንዘብ ያመጣው ወጣት።

የታሪኩ ይዘት

ማይክል ለሃሮልድ የልደት ግብዣ እያዘጋጀ ሳለ አለን ከዋሽንግተን መጥቶ ይደውልለታል፤ በስልክ እያለቀሰ ሊያገኘው እንደሚፈልግ ይነግረዋል። አለን የማይክልን ማንነት አያውቅም። ማይክል ጓደኞቹን ለአንድ ሰዓት ያህል «ጨዋ» እንዲሆኑለት ይለምናቸዋል። አለን መጀመሪያ እንደማይመጣ ቢገልጽም፣ ጓደኛሞቹ በሰገነቱ ላይ ተሰልፈው ሲጨፍሩ ድንገት ይደርሳል።

ሃንክ ተራ ባለትዳር ስለሚመስል አለን ከእርሱ ጋር ይግባባል፤ የኤመሪ አነጋገርና እንቅስቃሴ ግን ያስቆጣዋል። ክርክሩ ከሮ አለን ኤመሪን ይመታዋል። በዚህ መካከል ሃሮልድ ዘግይቶ ይደርሳል። ማይክል የተወውን መጠጥ እንደገና ይጀምራል፤ ምላሱም እየመረረ ይሄዳል።

ከዚያም ማይክል አንድ ጨዋታ ያመጣል። እያንዳንዱ ሰው በሕይወቱ ከልቡ ላፈቀረው አንድ ሰው ስልክ ደውሎ እንደሚያፈቅረው መናገር አለበት፤ በደፈረ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል። በርናርድ እናቱ ልብስ ታጥብበት ለነበረ ሀብታም ቤተሰብ ነጭ ልጅ ይደውላል፤ ስልኩን የምታነሳው ግን የልጁ እናት ናት፣ እርሱም አፍሮ ይዘጋል። ኤመሪ በልጅነቱ ላፈቀረው ሰው ይደውላል፤ ስሙን ግን መናገር ያቅተዋል። ሃንክ እርሱና ላሪ ወደሚጠቀሙበት የስልክ መልእክት ተቀባይ አገልግሎት ደውሎ ለላሪ የፍቅር መልእክት ያስቀምጣል። ላሪ በበኩሉ ፎቅ ወጥቶ በሌላው መስመር እዚያው ቤት ወዳለው ሃንክ ይደውላል።

የማይክል ዒላማ ግን አለን ነው። አለን በዩኒቨርሲቲ ሳለ ጀስቲን ከሚባል ጓደኛው ጋር ግንኙነት ነበረው ብሎ ያምናል፤ ለእርሱ እንዲደውልም ያስገድደዋል። አለን ስልኩን አንስቶ እንደሚያፈቅር ይናገራል። ማይክል አሸነፍኩ ብሎ ስልኩን ሲቀበል በሌላው ጫፍ ያለችው የአለን ሚስት ሆና ያገኛታል። አለን መጀመሪያ ለምን እንዳለቀሰ ፊልሙ አይገልጽም፤ ለተመልካቹ የተተወ ጥያቄ ነው።

በመጨረሻ ሃሮልድ፣ ማይክል ሌሎቹን ያጠቃው ራሱን ስለሚጠላ እንደሆነ በረጋ ድምፅ ይነግረዋል፤ ሲወጣ ግን ነገ እንደሚደውልለት ተናግሮ ይሰናበታል። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ማይክል በዶናልድ እቅፍ ውስጥ ይንሰቀሰቃል። ከዚያም ዶናልድን በቤቱ ትቶ የእኩለ ሌሊት ቅዳሴ ሊያስቀድስ ይወጣል።

ጓደኝነት በፊልሙ ውስጥ

የፊልሙ ጓደኛሞች አንዱ ለሌላው የቤተሰብን ቦታ ተክተዋል። ልደት የሚያከብሩት፣ ኬክ የሚቆርሱት፣ ስጦታ የሚሰጣጡት ከዘመዶቻቸው ጋር ሳይሆን እርስ በርሳቸው ነው። የራሳቸው ቀልድ፣ የራሳቸው ጭፈራና የራሳቸው አነጋገር አላቸው፤ ከውጭ የመጣው አለን ግራ የሚጋባው በዚህ ነው።

ይህ ቅርበት ግን ሁለት ጠርዝ አለው። አንዱ የሌላውን ቁስል ስለሚያውቅ የት ቢነካው እንደሚያመውም ያውቃል። የስልኩ ጨዋታ ጭካኔም ከዚህ ይመነጫል፤ ማይክል በእያንዳንዱ ጓደኛው ላይ የሚጠቀመው በእምነት የተነገረውን ምስጢር ነው።

ይህንን በግልጽ ከሚያሳዩት ክፍሎች አንዱ የኤመሪና የበርናርድ ነው። ኤመሪ በምሽቱ ሁሉ በበርናርድ ዘር ላይ ይቀልዳል፤ በርናርድም ዝም ይላል። ማይክል ይህንኑ ሲሞክር ግን በርናርድ አይፈቅድለትም። ኤመሪና እርሱ ሁለቱም የተናቁ በመሆናቸው አንዱ በሌላው ላይ መቀለድ የሚችለው በመካከላቸው ስምምነት ስላለ እንደሆነ፣ ያ መብት ለማይክል እንዳልተሰጠ ያስረዳል። ኤመሪም ይህን ሲሰማ አፍሮ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሁለተኛ እንደማይደግመውም ቃል ይገባል። በርናርድ ከስልኩ ጥሪ በኋላ በስካርና በሐዘን ሲወድቅ ደግፎ ወደ ቤቱ የሚወስደውም ያው ኤመሪ ነው።

የሃሮልድና የማይክል ወዳጅነትም እንዲሁ ነው። ሁለቱ በምሽቱ ሁሉ በቃል ይዋጋሉ። ማይክል ለሃሮልድ የሰጠው ስጦታ በብር ማዕቀፍ የተቀመጠ የራሱ ፎቶግራፍ ሲሆን፣ የተጻፈበት ቃል አለ። ሌሎቹ ምን እንደሚል ሲጠይቁ ሃሮልድ የግል ነገር ነው ብሎ ያልፋል፤ ተመልካቹም አያነበውም። ሁሉም ነገር በአደባባይ በሚዘረገፍበት ምሽት ተጠብቆ የቀረው አንድ ምስጢር ይህ ነው። ሃሮልድ ያንን ሁሉ መራራ ቃል ተናግሮ ሲያበቃ ነገ እንደሚደውል መናገሩ፣ ጓደኝነታቸው ከዚህም በፊት እንዲህ ያሉ ምሽቶችን አልፎ እንደመጣ ያመለክታል።

ማንነት በፊልሙ ውስጥ

ክራውሊ ስለ ማንነት አንድ ወጥ መልስ አይሰጥም፤ የእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ኑሮ ለየብቻው ነው። ኤመሪ ማንነቱን አይሸሽግም፤ ለዚህም በቡጢ ይመታል። ሃንክ ማንም ሳይጠረጥረው መኖር ይችላል፤ ለአለን እውነቱን ሲነግረው ግን አይሸማቀቅም። በርናርድ በቆዳው ቀለምም በፍቅሩም ሁለት ጊዜ የተገፋ ነው። ማይክል ውድ ልብስና ሽቶ እየገዛ፣ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ከራሱ ሲሸሽ የኖረ ሰው ነው።

ምሽቱን ወደ ጥፋት የሚገፋው የአለን መምጣት መሆኑም ትርጉም አለው። አለን የውጪውን ዓለም ዓይን ይዞ ይገባል። ማይክል ጓደኞቹን «ጨዋ» እንዲሆኑ ሲለምን፣ ይህ ዓይን ከአለን በፊት በራሱ ውስጥ እንደነበረ ይታወቃል። ሕጉ፣ ሐኪሙና ቤተ ክርስቲያኑ የነገሩትን ሁሉ አምኖ ስለተቀበለ፣ በጓደኞቹ ላይ የሚፈርደው በእነርሱ ቃል ነው። በመጨረሻ ለዶናልድ የሚናገረው ምኞትም ራስን ከመጥላት ስለ መዳን ነው።

አቀባበልና ክርክር

የመድረኩ ተውኔት ሲከፈት ሐያስያን በግልጽነቱ ተደነቁ። ሁሉም ግን አልወደደውም። ከመጀመሪያዎቹ ተቃዋሚዎች አንዱ ራሱ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆነው ጸሐፌ ተውኔት ኤድዋርድ አልቢ ነበር። ከሪቻርድ ባር ጋር በቲያትር ሥራ የተባበረ ቢሆንም፣ ሥራው በሰዎቹ ላይ መጥፎ ምስል ይተዋል ብሎ አምኗል።

በተውኔቱና በፊልሙ መካከል አንድ ትልቅ ነገር ተከሰተ። ሰኔ 28 ቀን 1969 ሌሊት ፖሊስ በግሪንዊች መንደር የሚገኘውን «ስቶንዎል ኢን» የተባለ ቡና ቤት ሲወር ደንበኞቹ እምቢ አሉ፤ ግጭቱም ለቀናት ቆየ። ፊልሙ መጋቢት 17 ቀን 1970 ሲወጣ፣ ይህን ያየው ወጣት ትውልድ በአደባባይ ሊሰለፍ በዝግጅት ላይ ነበር። የመጀመሪያው መታሰቢያ ሰልፍ በኒው ዮርክ የተካሄደው ከሦስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 28 ቀን 1970 ነው። ኩራትን መፈክሩ ላደረገ ትውልድ፣ የሚያለቅስና ራሱን የሚጠላ ማይክል የትናንት ሰው መስሎ ታየ። በ1968 እንደ ድፍረት የተቆጠረው ሥራ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደ ማፈሪያ ተቆጠረ።

ተሟጋቾቹ በበኩላቸው ሁለት ነገር ያነሳሉ። አንደኛ፣ ፊልሙ የሚያሳየው ራስን መጥላት የሰዎቹ ተፈጥሮ ሳይሆን የኖሩበት ዘመን ውጤት ነው፤ ደራሲውም ያየውን መዝግቧል። ሁለተኛ፣ ማይክል ሁሉንም አይወክልም፤ ከጨዋታው ሳይሰበሩ የሚወጡት ሃንክና ላሪ ናቸው፣ እየተጣሉም ቢሆን ፍቅራቸውን በሰው ፊት ይናገራሉና። በትንንሽ ከተሞች ብቻቸውን የነበሩ ብዙ ተመልካቾች እንደ እነርሱ ያሉ ሰዎች ተሰብስበው ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚህ ፊልም እንደነበር በኋላ ተናግረዋል።

ፍሪድኪን በ1980 ባወጣው «ክሩዚንግ» ፊልም ምክንያት እንደገና የተቃውሞ ዒላማ ሆነ፤ ቀረጻው በ1979 በኒው ዮርክ ሲካሄድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በየመንገዱ ተቃውመውታል። ይህም የቀድሞ ፊልሙን በጥርጣሬ የሚያዩ ሰዎች ቁጥር እንዲጨምር አድርጓል።

የተዋንያኑ ዕጣ

ሌናርድ ፍሬይ «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» (1971) በተባለው ፊልም ባሳየው ትወና ለኦስካር ሽልማት ታጭቷል። ክሊፍ ጎርማን በመድረኩ የኤመሪ ሚና የ«ኦቢ» ሽልማት አግኝቷል። ለአንዳንዶቹ ግን ፍርሃቱ እውነት ሆነ፤ ሮበርት ላ ቱርኖ ከዚህ ፊልም በኋላ ደህና ሥራ ማግኘት ተስኖት ኖረ።

በ1980ዎቹ የኤድስ ወረርሽኝ ሲመጣ ይህን ቡድን ክፉኛ መታው። ከዘጠኙ ተዋንያን አምስቱ፣ ማለትም ላ ቱርኖ (1986)፣ ፍሬይ (1988)፣ ኮምብስ (1992)፣ ፕሬንቲስ (1992) እና ኔልሰን (1993) ከበሽታው ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞቱ። የመድረኩ አዘጋጅ ሮበርት ሙርና ፕሮዲዩሰሩ ሪቻርድ ባርም በዚሁ አለፉ። ላ ቱርኖ በመጨረሻ ዘመኑ ሲታመም ያስታመሙት ክሊፍ ጎርማንና ባለቤቱ ነበሩ። ጎርማን ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ አልነበረም፤ ከላ ቱርኖ ጋር ያስተሳሰረው አብረው የሠሩት ሥራ ነው። ፊልሙ ስለ ጓደኝነት የሚያነሳውን ጥያቄ ከፊልሙ ውጭ የመለሰ ተግባር ተደርጎ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል።

የ2018 መድረክና የ2020 ፊልም

ተውኔቱ 50 ዓመት ሲሞላው፣ በ2018 ለመጀመሪያ ጊዜ በብሮድዌይ በ«ቡዝ» ቲያትር ቀረበ። አዘጋጁ ጆ ማንቴሎ፣ ፕሮዲዩሰሮቹ ራያን መርፊና ዴቪድ ስቶን ነበሩ። ጂም ፓርሰንስ ማይክልን፣ ዛካሪ ኩዊንቶ ሃሮልድን፣ ማት ቦመር ዶናልድን፣ ሮቢን ደ ኼሱስ ኤመሪን፣ ማይክል ቤንጃሚን ዋሽንግተን በርናርድን ተጫወቱ። ዘጠኙም ተዋንያን ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነታቸውን በይፋ የተናገሩ ነበሩ። በ1968 ሚናውን መቀበል ራሱ ሙያን ያሰጋ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ለውጡ ግልጽ ነው።

ዝግጅቱ በ2019 የ«ቶኒ» ሽልማትን በድጋሚ ከቀረቡ ተውኔቶች መካከል በምርጥነት አሸነፈ። ክራውሊ ሽልማቱን ሲቀበል በ1968 ለደፈሩት ዘጠኝ ተዋንያን መታሰቢያ አደረገው። በመጋቢት 2020 በ84 ዓመቱ አረፈ።

በዚያው ዓመት መስከረም 30 ቀን፣ ማንቴሎ በእነዚሁ ተዋንያን የሠራው አዲስ ፊልም በኔትፍሊክስ ወጣ። የፊልም ጽሑፉን ክራውሊ ከኔድ ማርቴል ጋር ጽፎታል። አዲሱ ፊልም ታሪኩን በ1968 ቢያስቀጥልም፣ ገጸ ባሕርያቱ ስልክ ሲደውሉ የትዝታቸውን ምስል ያሳያል፤ ከግብዣው በኋላ እያንዳንዱ ወዴት እንደሄደም በአጭሩ ይከተላል።

በኋላ ፊልሞች ላይ ያለው ስፍራ

ጓደኛሞችን በአንድ ቤት ሰብስቦ ማንነታቸውን በንግግር የመግለጥ አቀራረብ ከዚህ ፊልም በኋላ ደጋግሞ ታይቷል። ኖርማን ረኔ የሠራው «ሎንግታይም ኮምፓኒየን» የአንድ ጓደኛሞች ስብስብ በ1980ዎቹ በኤድስ ምክንያት እንዴት እየሳሳ እንደሄደ ያሳያል። በዚያ ፊልም ጓደኝነት ማለት ከአልጋ አጠገብ አለመለየት ነው። ከቴሬንስ ማክናሊ ተውኔት የተወሰደውና በ1997 የወጣው «ላቭ! ቫለር! ኮምፓሽን!» ስምንት ወንዶች በገጠር ቤት የሚያሳልፏቸውን የበዓል ቀናት ይከተላል፤ ዳይሬክተሩም በኋላ የክራውሊን ሥራ ያደሰው ጆ ማንቴሎ ነው። በፈረንሳይ ደግሞ የሮባን ካምፒዮ «120 ባትማን ፓር ሚኑት» (2017) ጓደኝነትን ከሳሎን አውጥቶ ወደ ስብሰባ አዳራሽና ወደ አደባባይ ሰልፍ ወስዶታል።

በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ያሉት ሰዎች ከማይክል ይልቅ ራሳቸውን የተቀበሉ ናቸው። ጓደኛሞችን በፊልሙ መካከል አስቀምጦ የመተረክ መንገድ ግን ከእርሱ ሳሎን የጀመረ ነው። ክራውሊም በ2002 «ዘ መን ፍሮም ዘ ቦይስ» በተባለ ተከታይ ተውኔት ወደ ገጸ ባሕርያቱ ተመልሷል። ብዙዎቹ ከአሥርት ዓመታት በኋላ፣ ከመካከላቸው የአንዱን ሞት ለማሰብ፣ እንደገና በማይክል አፓርታማ ይገናኛሉ።